ድብርትና ጭንቀት ደጋግሞ ሲመለስ፣ መድኃኒት ከመቀየራችን በፊት ከአካል ምን እንይ?

ምሥራቅ (ነርስ፣ ጤና ጣቢያ)

ሰላም ለሁላችሁ። በጤና ጣቢያ ደረጃ የአእምሮ ጤና ክትትል ለምንሠራ የሚሆን ጥያቄ ነው። በድብርት ወይም በጭንቀት ታክሞ የተሻለው ሰው ከ6 ወር ወይም ከዓመት በኋላ ያንኑ ስሜት ይዞ ይመለሳል። አብዛኛውን ጊዜ የሚደረገው የድብርት መድኃኒቱን አሚትሪፕቲሊንን ከፍ ማድረግ ወይም ወደ ሌላው፣ ወደ ፍሉኦክሰቲን መቀየር ነው። ሕመሙን እየመለሰ ያለው አካል ላይ ያለ ችግር ይሆን ወይ ብሎ የሚያይ ግን ጥቂት ነው።

እንዲህ ያለች ታካሚ እናስብ። ዕድሜዋ 30ዎቹ አጋማሽ፣ ሕመሙ ሲመለስባት ሦስተኛዋ፤ ድካም፣ እንቅልፍ ማጣት፣ የልብ መምታት፣ «ሰውነቴን ያቃጥለኛል» የሚል ስሜት አላት። ፒኤችኪው-9 (ድብርትን በዘጠኝ ጥያቄ የሚለካው መጠይቅ) ድምሯ 14። እጃችን ላይ ያለው የደም ግፊት መለኪያ፣ ግሉኮሜትር (የስኳር መለኪያ)፣ ሄሞግሎቢን (የደም ማነስ መለኪያ)፣ የኤችአይቪ፣ የእርግዝናና የሰገራ ምርመራ ነው። ቲኤስኤች (አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ ሥራ ሲያንስ ከፍ፣ ሲበዛ ዝቅ የሚል የደም ምርመራ) ለማሠራት ከተማ መሄድ አለባት፤ የምትከፍለውም ከኪሷ ነው።

ከየት ልጀምር? ለቲኤስኤች መላክ ያለብኝ የትኛዋን ነው? ውጤት እስኪመጣ ሕክምናውን ላቆየው ወይስ ልቀጥል?

ጠብታ (የውስጥ ደዌ ሐኪም)

ሲስተር፣ ከላብራቶሪው በፊት ወረቀትና እስክሪብቶ ይያዙ። ሕመሙ የተነሣባትን ሦስቱንም ጊዜ በአንድ መስመር ላይ ያስቀምጡና ከእያንዳንዱ ሥር፣ ከዚያ በፊት በነበሩት 3 ወራት ሰውነቷ ላይ ምን እንደተለወጠ ይጻፉ፦ ወሊድ፣ ውርጃ፣ አዲስ የተጀመረ ወይም የቆመ መድኃኒት፣ የወሊድ መቆጣጠሪያ መቀየር፣ የወር አበባ መብዛት፣ የክብደት ለውጥ፣ ረጅም ጾም። «መቼ ጀመረሽ?» ብቻ ከተባለች «ቆይቷል» ትላለች። «ከጥምቀት በፊት ነው በኋላ? ልጁ ጡት ሳይጥል ነው?» ሲባል ግን ጊዜው ይመጣላታል። ከሁሉም ምርመራ ይህ ወረቀት ይበልጣል እላለሁ፤ ምክንያቱም የትኛው ምርመራ ገንዘቧን ማውጣት እንዳለበት የሚነግረን እሱ ነው።

ከዚያ 14 የሚለውን ድምር ይፍቱት። ከዘጠኙ ጥያቄዎች አምስቱ፣ ማለትም 3ኛው (እንቅልፍ)፣ 4ኛው (ድካም)፣ 5ኛው (የምግብ ፍላጎት)፣ 7ኛው (ትኩረት) እና 8ኛው (መንቀርፈፍ ወይም መቁነጥነጥ)፣ ደሙ ያነሰ ወይም ታይሮይዱ የተዛባ ሰው ያለ ድብርት ሊሞላቸው የሚችላቸው ናቸው። እያንዳንዳቸው እስከ 3 ነጥብ ስለሚይዙ 15 ነጥብ ከዚያ ብቻ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ 1ኛውን (ደስታ ማጣት)፣ 2ኛውን (መከፋት)፣ 6ኛውን (ራስን መውቀስ) እና 9ኛውን (ሞትን መመኘት) ለብቻ ያንብቡ። እነዚህ ዝቅ ብለው ሌሎቹ ከፍ ካሉ አካሏን በጥብቅ ይፈትሹ። 2ኛውና 6ኛው ከፍ ካሉ ግን ሄሞግሎቢኗ 9 ቢሆንም ድብርቱ አለ፤ ሁለቱም ይታከማሉ እንጂ አንዱ ሌላውን አይሰርዘውም።

ቀጥሎ እጅ። ለ10 ደቂቃ ተቀምጣ ከቆየች በኋላ አንጓዋን ይዘው 60 ሰከንድ ሙሉ ይቁጠሩ። 15 ሰከንድ ቆጥሮ በ4 ማባዛት የተዛባ ምትን ይደብቃል። ሁለት እጇን ወደፊት ዘርግታ ጣቶቿን ትክፈትና በላያቸው አንድ ወረቀት ያስቀምጡ፤ በዓይን የማይታይ ጥቃቅን መንቀጥቀጥ በወረቀቱ ጠርዝ ላይ ይታያል። መዳፏንም ይጨብጡ። ላቡ በጭንቀት የመጣ ከሆነ መዳፉ ብዙውን ጊዜ ቀዝቃዛ ነው፤ በታይሮይድ መብዛት የመጣ ከሆነ ሞቃትና እርጥብ ነው። ውሃ እየዋጠች አንገቷን ከፊት ይመልከቱ፤ እንቅርት ከዋጠችው ጋር አብሮ ወደ ላይ ይወጣል። እንቅርት አለመኖሩ ግን ታይሮይዱ ደህና ነው ለማለት አይበቃም።

ለቲኤስኤች የምልካት፦ ተቀምጣም ምቷ ከ100 በላይ የሆነውን፣ እየበላች የምትከሳውን፤ በተቃራኒው ብርድ የማይለቃትን፣ ሆድ ድርቀት ያለባትን፣ ቆዳዋ የደረቀውን፣ ድምጿ የጎረነነውን፤ እንቅርት ወይም በቤተሰብ የታይሮይድ ሕመም ያለባትን፤ እንዲሁም ከወለደች ዓመት ያልሞላትን ነው። የመጨረሻው በጣም ይዘነጋል። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ የታይሮይድ መቆጣት ከ20 እናቶች አንዷን ያህል ይይዛል፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት ልብ ያስመታል፣ ያስጨንቃል፤ ከዚያ ተገልብጦ ከ4ኛው ወር ገደማ ጀምሮ ያደክማል፣ ይደብታል። የመጀመሪያው ወቅት «ጭንቀት»፣ ሁለተኛው «የወሊድ ድብርት» ተብሎ ሁለት መድኃኒት ተጽፎላት ታይሮይዷ ሳይታይ ይቀራል።

ውጤቱ ሲመጣ፣ የተለመደው ልክ ከ0.4 እስከ 4 ገደማ ነው፤ የላብራቶሪውን ወረቀት ይከተሉ። ከ4 እስከ 10 ሆኖ ፍሪ ቲ4 (ዕጢው ራሱ የሚያመነጨው ሆርሞን) ደህና ከሆነ ለሦስተኛ ጊዜ የመጣን ድብርት በዚያ ብቻ አናመካኝም፤ ከ2 እስከ 3 ወር ቆይቶ መድገም ነው። ከ10 በላይ ከሆነ ይታከማል።

ሄሞግሎቢንን በተመለከተ ደጋ ያላችሁ ተጠንቀቁ። እርጉዝ ላልሆነች ሴት የደም ማነስ መነሻው 12 ግራም ነው የሚባለው በባሕር ጠለል ላይ ላለች ነው። አዲስ አበባን በመሰለ ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነ ከተማ ሰውነት ደሙን ስለሚያበዛ ከተነበበው ቢያንስ 1 ግራም ያህል መቀነስ አለበት። 12.4 ተጽፎ «ደህና ናት» የተባለች ሴት ደጋ ላይ ደም ያነሳት ናት። ብረት ደግሞ ደም ሳያንስም ሊያልቅ ይችላል፤ የወር አበባዋ የሚበዛ ከሆነና ፌሪቲን (የተከማቸ ብረትን የሚለካ ምርመራ) ማሠራት ከተቻለ ያሠሩላት።

ሕክምናውን ማቆየት? አይቆይም። የአካል ምርመራው ከድብርቱ ሕክምና ጎን ለጎን ይሄዳል።

ብልቃጥ (ፋርማሲስት)

የዶክተሩ ወረቀት ላይ አንድ ዓምድ ልጨምር፦ «ምን እየወሰደች ነው፣ በስንት ሰዓት፣ ከምን ጋር»። ብልቃጦቹን በፌስታል ይዛ ትምጣ። በቃል የሚነገረውና በፌስታሉ ውስጥ ያለው ብዙ ጊዜ አይገጥምም።

በጣም የሚያመልጠው ሪፋምፒሲን ነው። የቲቢ ሕክምና ሲጀመር ሪፋምፒሲን ጉበት ሌሎች መድኃኒቶችን የሚሰብርበትን ፍጥነት ይጨምራል። የድብርት መድኃኒቶቹ አሚትሪፕቲሊንና ሰርትራሊን ደም ውስጥ ይቀንሳሉ፤ የታይሮይድ እንክብልና የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብልም እንዲሁ። ይህ በአንድ ቀን አይሆንም፤ 2 ሳምንት ገደማ ይፈጃል። ስለዚህ ቲቢ በጀመረች በ3ኛው ወይም በ4ኛው ሳምንት «መድኃኒቱ ሰለቸኝ፣ አልሠራም አለኝ» ስትል እውነቷን ነው። ተቃራኒውም አለ፦ በቲቢው ጊዜ ያደገው መጠን ሪፋምፒሲን ካበቃ በኋላ በ2 ሳምንት ውስጥ ይበዛባታል፤ ድብታ፣ የአፍ ድርቀት፣ ስትነሣ ራስ ማዞር ያመጣል። የሚያበቃበትን ቀን ካርዷ ላይ ቀድማችሁ ጻፉት።

ሌላው የቲቢ መድኃኒት አይሶናያዚድም ብቻውን እንቅልፍ ሊነሣና ስሜት ሊለዋውጥ ይችላል፤ ፓይሪዶክሲን (ቫይታሚን ቢ6) አብሮ መሰጠቱን አረጋግጡ። መድኃኒት ለተላመደ ቲቢ የሚሰጠው ሳይክሎሰሪን ደግሞ ድብርትና ቅዠት በማምጣት የታወቀ ነው፤ እሱን የሚወስድ ሰው ስሜቱ በየቀጠሮው ይጠየቅ።

ኤችአይቪ ካለባት፣ የኤችአይቪ መድኃኒቱ ዶሉቴግራቪር በአንዳንድ ሰው እንቅልፍ ይነሣል። ማታ የምትወስድ ከሆነ ወደ ጠዋት ማዛወር ብቻውን ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ፕሬድኒሶሎን (የስቴሮይድ መድኃኒት)፦ በቀን ከ40 ሚሊግራም በላይ ሲሆን የስሜት ቀውስ እየበዛ ይሄዳል፤ ከ80 በላይ ሲሆን ከአምስት አንድ ሰው ወደሚጠጋ ይደርሳል። በድንገት ሲቆምም ድካምና መከፋት አለ። ለአስም የሚነፋው ሳልቡታሞል ልብ ያስመታል፣ እጅ ያንቀጠቅጣል። ለዚያ መንቀጥቀጥ ፕሮፕራኖሎል እንዳይጻፍ፤ የአስም በሽተኛ ላይ የመተንፈሻ ቱቦውን ይዘጋል።

አሁን ወደ አሚትሪፕቲሊን። «አልሠራም» ተብሎ ከሚቀየረው ውስጥ ትልቁ ክፍል መጠኑ ያልደረሰ ነው። ማታ 25 ሚሊግራም ለራስ ምታትና ለነርቭ ሕመም ይሆናል፤ ለአዋቂ ድብርት ግን በአብዛኛው አይበቃም። 50 ጀምሮ በየሳምንቱ ከ25 እስከ 50 እየጨመሩ ከ100 እስከ 150 ማድረስ ነው የተለመደው፤ ለሽማግሌዎች ከ25 ተነሥቶ ከ50 እስከ 75 ላይ ይቆማል። ከ4 እስከ 6 ሳምንት በበቂ መጠን ሳይወሰድ «ተሞክሮ አልሆነም» አይባልም። የልብ ሕመም ካለባት ያለ ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) አይጀመርም። ራሷን የማጥፋት ሐሳብ ካለባት የወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ አይሰጣት፤ አሚትሪፕቲሊን በብዛት ሲዋጥ ይገድላል። የሳምንት ብቻ ስጡ፣ ቤተሰብ ይያዘው።

ሌላው፣ መድኃኒቱን ያቋረጠ ሰው የሚሰማውን የሕመሙ መመለስ ነው ብሎ መሳሳት ነው። አሚትሪፕቲሊን ወይም ሰርትራሊን በድንገት ከቆመ በ2 እስከ 4 ቀን ውስጥ ማቅለሽለሽ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ መቁነጥነጥ፣ ጭንቅላት ውስጥ እንደ ኤሌክትሪክ ውር የሚል ስሜት ይመጣል፤ መድኃኒቱ ሲመለስ በአንድ ሁለት ቀን ይጠፋል። እውነተኛው ሕመም ሲመለስ ግን በሳምንታት ቀስ እያለ ነው። ሰባት ቀን ወይም ሁለት ሱባዔ ጠበል ገብተው መድኃኒት ቤት ጥለው የሚሄዱ ላይ ይህ ይታያል። ጠበሉን መከልከል አያስፈልግም፤ ብልቃጡ አብሮ ይሂድ፣ የምትውጥበት ሰዓት ከጾሙ ጋር ይስተካከል። አሚትሪፕቲሊን የማታ ስለሆነ ችግር የለውም። ፍሉኦክሰቲንም ከሰውነት የሚወጣው በዝግታ ስለሆነ ከጠዋት ወደ 9 ሰዓት ቢዛወር ምንም አይጎድልም።

የታይሮይድ እንክብል የምትወስድ ከሆነ ደግሞ ቡናውን ጠይቁ። ሌቮታይሮክሲን በባዶ ሆድ፣ በውሃ ብቻ፣ ከቁርስና ከቡና ከ30 እስከ 60 ደቂቃ በፊት ነው። የብረት እንክብል ከተጨመረላት በመካከላቸው 4 ሰዓት ይኑር። ጠዋት አቦሏን እየጠጣች የምትውጠው ከሆነ ቲኤስኤችዋ ከፍ ብሎ ይቀራል፤ መጠኑ ይጨመራል፣ ድብርቱም አይነሣም። አወሳሰዱ ከተስተካከለ በኋላ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይቶ ነው የሚለካው፤ ከዚያ በፊት የሚወጣው ቁጥር ያሳስታል።

ምሥራቅ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዶክተር፣ ሦስት ነገር ቀረኝ። አንደኛ፣ «ያቃጥለኛል» የሚለው ምኑን እንደሆነ እንዴት ልለየው? ሁለተኛ፣ ዓመቱን ሙሉ ለሚጾሙ ሰዎች ቫይታሚን ቢ12 እንስጥ ወይ? ሦስተኛ፣ የልብ መምታቷ ጭንቀት ብቻ መሆኑን በምን ላውቅ?

ጠብታ

«ያቃጥለኛል» ስትል በጣቷ ታሳይዎት። አናቷን፣ ደረቷን ወይም መላ ሰውነቷን ካሳየች፣ አንዴ እዚህ አንዴ እዚያ የሚዘዋወር ከሆነ፣ በአገራችን ድብርትና ጭንቀት የሚነገርበት ቋንቋ ነው፤ ንቀን የምናልፈው አይደለም። ሁለቱን የውስጥ እግሯን ካሳየች፣ ካልሲ እንደሚለበስ ከጣት ወደ ቁርጭምጭሚት የሚወጣ ከሆነ፣ ሌሊት ብርድ ልብሱን ከእግሯ የሚያስገፈት ከሆነ ነርቭ ነው። ያኔ ስኳር፣ ኤችአይቪ፣ አልኮል፣ አይሶናያዚድና ቢ12 ይታያሉ። ዓይኗን ጨፍና የእግሯን አውራ ጣት ከጎንና ከጎን ይዘው ወደ ላይና ወደ ታች ያንቀሳቅሱ፤ አቅጣጫውን ካሳተች ቢ12ን ከዝርዝሩ አናት ያድርጉት።

ስለ ጾሙ፣ ቢ12 ጉበት ውስጥ ለዓመታት የሚቆይ ክምችት ስላለው ሁዳዴን ጾማ የምትፈስክ ጤነኛ ሴት በጾሙ ብቻ አያልቅባትም። የሚያሰጋኝ በፍስኩም ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል የማያገኝ ሰው፣ ሽማግሌው፣ ሜትፎርሚን ለዓመታት የሚወስደው የስኳር ታካሚ፣ ለጨጓራ ኦሜፕራዞል ሳያቋርጥ የሚውጠው ነው። ለእነዚህ ምርመራው ካለ ይሠራ። አንድ ስሕተት ግን አለ፦ ለደም ማነስ ፎሊክ አሲድ ብቻ ሰጥቶ መሸኘት። ደሙ ይስተካከላል፣ የቢ12 እጥረቱ ግን ተሸፍኖ ነርቩን መጉዳቱን ይቀጥላል።

ቫይታሚን ዲ መጠየቁ አይቀርምና ልናገር። ከዓረብ አገር ለተመለሱ፣ ለዓመታት ቤት ውስጥ ሲሠሩ ፀሐይ ላላዩ እህቶች እጥረቱ እውነት ነው፤ የአጥንት ሕመምና ከመቀመጫ ለመነሣት መቸገር ካለ ይታከም። ነገር ግን እሱን መስጠት ድብርትን ያስቀራል ብላችሁ ቃል አትግቡላቸው። በ2020 ውጤቱ የታተመው፣ ከ18,000 በላይ ዕድሜያቸው ከ50 የዘለለ ሰዎችን ለ5 ዓመት ያህል የተከታተለው የአሜሪካ ጥናት በቀን 2,000 ዩኒት ከባዶ እንክብል የተሻለ ድብርት እንዳልተከላከለ ነው ያሳየው።

ስኳርን በሚመለከት፣ ግሊቤንክላሚድ ወይም ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው «ድንገት ያልበኛል፣ ያንቀጠቅጠኛል፣ የምሞት ይመስለኛል» ካለ፣ ስኳሩ የሚለካው በዚያው ደቂቃ ነው። በማግስቱ ጠዋት ክሊኒክ የሚለካው 110 ምንም አይነግረንም። ከ70 በታች ከተገኘ ያ የጭንቀት ጥቃት አልነበረም። በጾም ቀን ከሰዓት በኋላ የሚበዛ ከሆነ መድኃኒቱ ይስተካከል።

እፎይታ (የአእምሮ ጤና ስፔሻሊስት)

የልብ መምታቱን እኔ ልያዘው። ሦስት ጥያቄ አለ። እንዴት ይጀምራል? የጭንቀት ጥቃት በደቂቃዎች እየጨመረ በ10 ደቂቃ ገደማ ጫፍ ይደርሳል፣ ቀስ ብሎ ይበርዳል። የልብ ኤሌክትሪክ ችግር እንደ መብራት ነው፤ ጭው ብሎ ይበራል፣ ጭው ብሎ ይጠፋል። ምቱ ስንት ነው? ተቀምጣ 150 ካለፈ የፍርሃት ብቻ ነው ለማለት አትቸኩሉ። በሥራ ላይ ይመጣል ወይ? ዳገት ስትወጣ፣ እንስራ ስትሸከም የሚመጣ መምታትና ትንፋሽ ማጠር፣ ራስ መሳት፣ ወይም በልጅነት የቁርጥማት ሕመም ታሪክ ካለ የልብ ቫልቭ ይታይ። በእኛ አገር በዚያ የቁርጥማት ሕመም (ሩማቲክ ትኩሳት) ሳቢያ የሚጠብ ቫልቭ በወጣት ሴቶች ላይ አለ፤ «ጭንቀት ነው» ተብሎ መሸኘት ያለበት ሕመም አይደለም። መምታቱ ሲመጣባት የትም ጤና ተቋም ገብታ ኢሲጂ እንድታስነሣ ይነገራት፤ በደህናው ጊዜ የተነሣ ኢሲጂ ደህና ቢሆን አያስገርምም።

ከዚህ በኋላ ግን ከዶክተሩ ጋር በአንድ ነገር ላይ ክብደቱን ልለውጥ። ጭንቀት ላለበት ሰው ምርመራ መድኃኒትም መርዝም ይሆናል። ውጤቱ ደህና ሲሆን ለሦስት ቀን እፎይ ይላል፣ በአራተኛው «ምናልባት አልታየ ይሆናል» ይላል፣ ሌላ ክሊኒክ ይሄዳል። ስለዚህ የሚሠራው ምርመራ ከመጀመሪያው በስም ተቆጥሮ ይነገራት፦ «እነዚህን አራት እናያለን፤ ደህና ከሆኑ አዲስ ምልክት እስካልመጣ ድረስ አንደግማቸውም»። ውጤቱን ስትነግሯትም «ምንም የለብሽም» አትበሏት። ያለባት ሕመም አለ፤ ልቧ እውነት ይመታል፣ ጡንቻዋ እውነት ይጠነክራል። «ልብሽ ጤነኛ ነው፤ የሚያስመታው የፍርሃት ሥርዓቱ ነው፣ የምናክመውም እሱን ነው» ይባል።

አሁን ማንም የማይጽፈው። ቡና በቀን ስንት ሲኒ ነው? አቦል፣ ቶና፣ በረካ፣ ያውም ጠዋትና ከሰዓት ከሆነ ስድስት ሲኒ ነው። ካፌይን ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ 5 ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል የምትወስድ ላይ ወደ እጥፍ ይጠጋል። የጭንቀት ጥቃት ባለበት ሰው ላይ ካፌይን ራሱ ጥቃት ያስነሣል። ይሁን እንጂ በአንድ ቀን አታስቁሙ፤ በማግስቱ ራስ ምታትና መደበት ይመጣና «ሕመሙ ባሰብኝ» ትላለች። በየ4 ወይም 5 ቀኑ ሩቡን ያህል መቀነስ፣ መጨረሻዋም ከቀኑ 6 ሰዓት በፊት ይሁን። ሥነ ሥርዓቱ ይቅር ማለት አይደለም። ቡና መጠራራቱ ለድብርት ደግ ነገር ነው፤ አቦሉን ጠጥታ ከበረካው ላይ ቁጭ ብላ መጫወት ትችላለች።

ጫትም ላይ እንዲሁ ሰዓቱን ጠይቁ። ምርቃናው ሲወርድ የሚመጣው መከፋትና እንቅልፍ ማጣት በሳምንት አራት ቀን ከተደጋገመ በፒኤችኪው ላይ ድብርት ሆኖ ይነበባል። ፍሉኦክሰቲን ላይ መጠን ከመጨመር በፊት ሁለት ሳምንት ያለ ጫት ምን እንደሚመስል ማየት ይሻላል። አረቄና ጠጅ ላይ ደግሞ የሚጠየቀው «የጠዋት ጭንቀት» ነው። ከነጋ እጅ የሚንቀጠቀጥና አንድ መለኪያ ሲቀመስ የሚቆም ከሆነ አልኮሉ ሲጓደል የሚመጣ ምልክት ነውና በራሱ ድንገት አቁም አይባልም፤ እንደ የሚጥል በሽታ ያለ መንዘፍዘፍ ያመጣል።

እንቅስቃሴን «ስፖርት ሥሪ» ብሎ ማዘዝ አይሠራም። የሚመከረው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው፤ የደበተው ሰው ግን ከ10 ደቂቃ ይጀምራል፣ በተወሰነ ሰዓት፣ ከተወሰነ ሰው ጋር። ጠዋት ኪዳን አድርሳ ስትመለስ ረጅሙን መንገድ መያዝ፣ ወይም ከሱብሒ በኋላ ከጎረቤት ጋር መዞር። ሄሞግሎቢኗ 8 ከሆነ ግን ቅድሚያ ደሙ ይታከም፤ በዚያ ደም ዳገት ማስወጣት ልብን ማስጨነቅ ነው።

ምሥራቅ

ገብቶኛል። ሪፈር ወረቀቱ ላይ ምን ብዬ ልጻፍ? «ለተጨማሪ ምርመራ» ብለን ስንልክ ባዶ እጇን ትመለሳለች።

ጠብታ

«ለተጨማሪ ምርመራ» አይጻፉ። እንዲህ ይሁን፦ «የ35 ዓመት ሴት፣ ድብርት 3ኛ ጊዜ፤ ከወለደች 7 ወር። አሚትሪፕቲሊን 100 ሚሊግራም ማታ ከ8 ሳምንት ጀምሮ፣ ሳታቋርጥ። ፒኤችኪው-9፦ 14፤ 2ኛው ጥያቄ 2፣ 6ኛው 2፣ 9ኛው 0። ምት 56፣ ቢፒ 110/70፣ ሄሞግሎቢን 12.1 (ደጋ)፣ ስኳር 92፣ ኤችአይቪ የለባትም፣ እርጉዝ አይደለችም። ብርድ፣ ሆድ ድርቀት፣ 6 ኪሎ ጨምራለች። ጥያቄ፦ ከወሊድ በኋላ የመጣ የታይሮይድ ማነስ? ቲኤስኤችና ፍሪ ቲ4 ይሠራላት፤ የድብርት ሕክምናዋ በእኛ ዘንድ ይቀጥላል።» የመጨረሻዋን ሐረግ አይርሷት። ካልተጻፈች ሆስፒታሉ ታይሮይዱን ጀምሮ አሚትሪፕቲሊኑን ሊያቆመው ይችላል።

ብልቃጥ

ከላይ የምትወስደውን ሁሉ ከነሰዓቱ ጨምሩበት፤ በተለይ «ባዮቲን ያለበት የፀጉርና የጥፍር ቫይታሚን» ካለ። ከዓረብ አገርና ከአሜሪካ ተልኮ በየቤቱ አለ፤ አንዳንድ ማሽኖች ላይ የታይሮይድን ውጤት ያሳስታል። ከምርመራው ቢያንስ 2 ቀን በፊት ታቁመው።